የጳውሎስ በርኖስ፦ ብቻችንን ስንሆን ኅብረትን መጠበቅ

የጥናት ክፍል፦ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥15-18፤ 4፥9-21



እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2020 በካሊፎርኒያ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ የታዘዘበትን ምሽት ታስታውሳላችሁ። ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ምግብ ቤቶቻችን ምግብ በበር ከመስጠት በቀር ሰው ማስቀመጥ አልቻሉም። በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚጎራረስ ሕዝብ ለየብቻው በላ። ከሁሉ የከበደው ግን መርዶ ነበር። በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራል፤ ለቅሶ ደራሽም ቤቱን ይሞላዋል። በዚያ ጊዜ ግን ስንቶቻችን የእናት የአባታችንን ሞት በስልክ ሰምተን ብቻችንን አለቀስን!

ዛሬ በሩ ተከፍቷል። ብቸኝነቱ ግን ከሁሉም ቤት አልወጣም። ሁለት ሥራ የሚሠራው፣ በሌሊት ፈረቃ ያለችው፣ የልጅ ልጅ ለማሳደግ መጥተው መኪና የማይነዱት እናት አሁንም ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ከእስር ቤት የተጻፈውን ይህን መልእክት እናጥና።

1. ጌታ አብሮት ሳለ ሰው ጠየቀ

ጳውሎስ በፍርድ ፊት ሰዎች ሁሉ እንደተዉት፣ ጌታ ግን አጠገቡ እንደቆመ ይመሰክራል (4፥16-17)። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ጢሞቴዎስ ቶሎ እንዲመጣ፣ ማርቆስንም ይዞ እንዲመጣ ይለምናል። በጢሮአዳ የተወውን በርኖሱን፣ መጻሕፍቱንም እንዲያመጣለት ይጠይቃል። ክረምት ሳይገባ ይሁን ይላል። ታላቁ ሐዋርያ በርዶኛል ለማለት አላፈረም!

እኛ ግን «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለን እንዘጋለን። በዚያ የወረርሽኝ ወቅት ለአንዲት እናት በየሳምንቱ እደውል ነበር። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ይሉኛል፤ እኔም ደወልኩ ብዬ ልቤ ያርፋል። አንድ ቀን እንጀራ ይዤ በራቸው ድረስ ሄድኩ። እሳቸው ከውስጥ፣ እኔ ከደጅ ቆመን አንድ ሰዓት አወራን። «ደህና ነኝ የምልህ እኮ ልጄ፣ እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ደውዬ ነበር እንጂ አልፈለግኋቸውም ነበር።

2. ሄኔሲፎሩ ፈልጎ አገኘው

ሄኔሲፎሩ ወደ ሮም በመጣ ጊዜ ጳውሎስን በትጋት ፈልጎ አገኘው፤ በሰንሰለቱም አላፈረበትም (1፥16-17)። በትልቅ ከተማ እስረኛ መፈለግ ቀላል አይደለም፤ አስጊም ነው። ሎስ አንጀለስም ሰው የሚጠፋባት ሰፊ ከተማ ናት። ከኅብረት የቀረ ሰው ምናልባት ኮብልሎ ሳይሆን ታምሞ፣ ሥራ አጥቶ ወይም አፍሮ ይሆናል። «ለምን ጠፋህ?» ብሎ መውቀስና «ናፍቀኸኛል፣ የት ልምጣ?» ማለት በጣም ይለያያሉ።

3. በእስር ሆኖም ሌሎችን አሰበ

ጳውሎስ መልእክቱን ሲዘጋ ለጵርስቅላና ለአቂላ፣ ለሄኔሲፎሩም ቤተ ሰዎች ሰላምታ ይልካል። የታመመውን ጥሮፊሞስንም ያነሣል። እጁ ታስሯል፤ ፍቅሩ ግን አልታሰረም። አንተም ከቤት መውጣት ባትችል የሰውን ስም ጠርተህ መጸለይ፣ ደውለህም መጠየቅ ትችላለህ።

በዚህ ሳምንት እናድርገው

• ከኅብረት የቀረ አንድ ሰው ስም ጻፉ፤ ጸልዩለት፤ ከዚያም ሂዱ።
• ለአንድ ሰው የሚያስፈልጋችሁን አንድ ነገር በግልጽ ንገሩ፤ ጸሎት፣ ወደ ሐኪም የሚያደርስ መኪና ወይም አብሮ ቡና መጠጣት ሊሆን ይችላል።
• አገር ቤት ላሉ ወላጆች ቋሚ ሰዓት ይኑራችሁ። በዚህ በበጋው ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ገንዘብ ሲላክ ብቻ አትደውሉ።

ለውይይት

1. «ደህና ነኝ» ብለን የምንደብቀው ምንድን ነው?
2. ጢሞቴዎስ እስከ በጋ ቢዘገይ ኖሮ ጳውሎስ ምን ይጎድለው ነበር?

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ብቻችንን ሳለን ስላልተውኸን እናመሰግንሃለን። ለመጠየቅ ትሕትናን፣ ለመፈለግም ትጋትን ስጠን። ክረምት ሳይገባ በርኖሱን ይዘን የምንደርስ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።