በክረምት ወራት በጥቂት ገንዘብ ስለ መጓዝ

መንገደኛን በክረምት የሚያስቸግረው ጭቃና ጎርፍ፤ እንዲሁም የጊዜ መጥፋት ነው። ከእነዚህም ከሦስቱ ኪስን አብልጦ የሚያራቁተው የጊዜ መጥፋት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፤ በአቃቂ ቃሊቲ ያለውን ቂሊንጦን እንውሰድ። በ2003 ዓመተ ምሕረት የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ይገኛል፤ ፋብሪካም ማረሚያ ቤትም አለ። ስለዚህ ልጁን ሊያደርስ፤ ሥራ ሊፈልግ፤ ወይም የታሰረ ዘመዱን ሊጠይቅ ስንቅ ተሸክሞ ከገጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የዚህ ሰው ገንዘብ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ነውና፤ ሳያስበው አንዲት ሌሊት ለማደሪያ ቢከፍል መመለሻው ይጎድልበታል።

በዚያ አካባቢ ያለው ምድር አብዛኛው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ያብጣል፤ ስንጥቁም ይደፈናል፤ ውሃውም ወደ ታች መስረግ አቅቶት በላይ ይተኛል። ስለዚህ በሐምሌ በሜዳ ማቋረጥ መንገድን ያሳጥራል እንጂ ጊዜን አያሳጥርም፤ ጫማንም ያስበላል። ዞር ብሎ በጠጠሩ መሄድ ይሻላል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። እንግዲህ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ጉዳዩን እስከ 6 ሰዓት የፈጸመ ሰው ማደሪያ ሳይከፍል ይመለሳል። ከአዳማና ከቢሾፍቱ ለሚመጣ ሰው ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የመንገድ ክፍያ የሚጠየቅበት ፈጣኑ መንገድ ሲሆን ሁለተኛው በዱከምና በአቃቂ የሚያልፈው አሮጌው ነው። ከመሐል ከተማ ለሚመጣ ደግሞ በ2008 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር እስከ ቃሊቲ ያደርሰዋል፤ ሐዲዱ ከመኪናው መንገድ የተለየ ስለ ሆነ በዝናብ ቀን የመኪናው መጨናነቅ አያግደውም። (በ1909 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲው አሮጌ ባቡርም በአቃቂ ያልፍ ነበር። ከዚያ በፊት ነጋዴውም ሠራዊቱም ወንዝ እስኪጎድል ተቀምጦ ይከርም እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያውቁታል።)

ስንቅን በተመለከተ ከበሶ የሚሻል የለም፤ እሳት አይሻም፤ በመንገድ ምግብ ከመግዛትም ያድናል። የሚበጠበጥበት ውሃ ግን ከቤት ፈልቶ የመጣ ይሁን።

ስለ ጎርፍ ግን ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል። ሰው ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ድልድዩን ትቶ በመሻገሪያ ሲገባ ነፍሱን ያጣልና። የአቃቂ ወንዝ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ፤ ከተማዋን አልፎ፤ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ በቂሊንጦ ጠብታ ሳይወርድ በላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሊሞላው ይችላል። በ1998 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ መጨረሻ፤ በደጋው የጣለ ዝናብ በድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ በሌሊት አስሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። የተኙት ሰዎች ጎርፉ እስኪደርስባቸው ድረስ አላወቁም ነበር።

የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በኃይል የሚወርድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ቢል፤ ማለት 15 ሳንቲሜትር ያህል፤ ጎልማሳን ይጥላል፤ 60 ሳንቲሜትር ቢደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የተባለውም ስለዚህ ይመስለኛል። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ ሙላት እየመጣ ነውና፤ ተመልሶ በከፍታ ላይ ሆኖ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ወንዝ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል።

አስተማሪዎች ይህን ለልጆች ሲያስረዱ በሰሌዳ ብቻ አይወሰኑ። በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ ቦይ ዳር፤ ከውሃው ራቅ ብሎ፤ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት እንጨት አስቀድሞ በደረቁ ቀን ይተከል። ልጆቹም ከዝናብ በፊትና በኋላ ከሩቅ ሆነው ቁጥሩን እያነበቡ ከሰዓቱ ጋር በደብተራቸው ይጻፉ።