ለሕክምና ጥናት ገንዘብ መጠየቂያ ጽሑፍ

ማመልከቻ የሚጻፈው ሥራ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። አንድ ሐኪም ያልታወቀ ነገር መርምሮ ለመድረስ ገንዘብ ሲያስፈልገው ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያቀርበው የጥናት ዕቅድም የማመልከቻ ዐይነት ነው። አጻጻፉን ከአንድ እውነተኛ ጉዳይ ጋር አያይዘን እንመልከት።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንዲሁም በሌሎች የአማራ ክልል ወረዳዎች ትራኮማ የብዙ ሰው ዐይን ጎድቷል። በሽታው ሲጸና የዐይን ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል፤ ካልታከመም ያሳውራል። ብዙዎች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ነገር ግን ተመልሶ ይበቅላል። ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላም ቢሆን ፀጉሩ የሚመለስበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ የታከመ ገበሬ ሕመሙ ሲያገረሽበት ጎረቤቱም ለመታከም ልቡ ያመነታል።

ቀዶ ጥገናው በሁለት ስልት ይሠራ ነበር። አንደኛው የዐይን ቆቡን ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ ይቈርጣል፤ ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ይቀበል ነበር፤ የትኛው እንደሚሻል ግን በሚገባ አልተመረመረም። ይህን ለመለየት በአማራ ክልል የተካሄደውን ጥናት በገንዘብ የረዳው ዌልካም ትረስት ነው፤ ይኸውም በ1936 እ.ኤ.አ. በሄንሪ ዌልካም ኑዛዜ የተቋቋመ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

እንዲህ ያለ ድርጅት ገንዘቡን ችግሩን አምርሮ ላወራ ሁሉ አያድልም። ዕቅዱ በመጀመሪያ ደንቡን ማሟላቱ ይታያል። ቀጥሎ በሙያው የታወቁ የውጭ ሰዎች አንብበው አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይሰጣሉ። ከዚያም ኮሚቴ ተሰብስቦ ዕቅዶቹን እያነጻጸረ ያመዛዝናል፤ አንዳንዴም አመልካቹን ጠርቶ ይጠይቃል። ከአመልካቹ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው አባል በውሳኔው ላይ አይገኝም። (ይህ ልማድ በየዕድሩ ቢገባ ባልከፋ!) ሕሙማኑ ጉዳት እንዳይደርስባቸውና በፈቃዳቸው ብቻ እንዲገቡ የሚመረምረው ደግሞ ሌላ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው።

ለምሳሌ ያዘጋጀናቸውን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሀ. ትራኮማ እጅግ አስከፊ በሽታ ስለሆነ አስቸኳይ ርዳታ እንሻለን።

ለ. 1000 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለን፣ እያንዳንዱን ወገን በአንዱ ስልት አክመን፣ በዓመቱ ፀጉሩ የተመለሰባቸውን እንቈጥራለን።

«ሀ» ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን መርማሪው የሚመዝነው ነገር አያገኝበትም። «ለ» ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ሰው፣ መልሱም በምን እንደሚታወቅ ይናገራል። መርማሪ «የሰዉ ቍጥር ይበቃልን? ገንዘቡስ ከሥራው ጋር ይመጣጠናልን?» ብሎ ሊከራከር የሚችለው በእንዲህ ያለው ላይ ነው።

እውነተኛው ጥናት 1000 ሕሙማንን ያሳተፈ ሲሆን ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዓመት ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው ዘልቆ በሚቈርጠው ስልት ከመቶ 22፣ ከውስጥ ብቻ በሚቈርጠው ከመቶ 13 ሆነው ተገኙ።

መልመጃ

1. «ይቀበል ነበር» እና «ተቀብሎ ነበር» የሚሉት ግሦች በጊዜ አገላለጽ እንዴት ይለያያሉ? እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

2. «በወረዳችን የንጹሕ ውሃ ችግር ስላለ ጥናት ይደረግልን» የሚለውን ሊመዘን በሚችል መልክ መልሳችሁ ጻፉ።

3. ስለ አካባቢያችሁ አንድ ያልተመለሰ የጤና ጥያቄ ባለ ሁለት አንቀጽ የጥናት ዕቅድ ጽፋችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ፤ የጓደኛችሁን ዕቅድ እንደ ኮሚቴ አባል መርምራችሁ ገንዘብ የምትሰጡበትን ወይም የምትከለክሉበትን ምክንያት በጽሑፍ አስረዱ።