ስለ መርዶና ስለ እጅ ስልክ

የእጅ ስልክ ከወጣ ወዲህ ስለ እርሱ የሚሰጠው አስተያየት ብዙ ነው። አንዱ የዘመኑን ሥልጣኔ ያመሰግናል፤ ሌላው የቤተ ሰብን ማዕድ ዝም አሰኘ ብሎ ይወቅሳል። በቅዳሴ መካከል ስለሚጮኸው ስልክማ በየዐውደ ምሕረቱ ብዙ ተግሣጽ ስለ ተሰጠ እኛ ዛሬ ያንኑ አንደግመውም። ልናመለክት የተነሣነው ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሞትን ወሬ ለሟች ቤተ ዘመድ በስልክ ማርዳት እየተለመደ መሄዱ ነው። ካህናትም ሆነ ምእመናን በዚህ ነገር ሳናስበው የምንበድለው ሰው አለና፥ ነገሩን ከሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት እንጀምረዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንስሐ ልጆቻችን መካከል አንዲት እናት ዐረፉ። ሴት ልጃቸው በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከቀብር በኋላ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ልጅቱን ማን ያርዳት በተባለ ጊዜ ሁሉም ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም የነፍስ አባት እንደ መሆናችን የሚገባን ሥራ መስሎን እሺ አልን፤ በዚያው ማታ ከድንኳኑ ጥቂት ፈቀቅ ብለን ደወልን። ልጅቱ ድምፃችንን በሰማች ጊዜ ደስ ብሏት «አባቴ፥ እንደ ምን ዋሉ? እማዬስ ተሻላት?» አለች። እኛም ያጽናናታል ያልነውን ጥቂት ቃል ከተናገርን በኋላ እናቷ ማረፋቸውን ነገርናት። ከዚያ ወዲያ የሰማነው ዕቃ ሲወድቅና ሕፃን ሲያለቅስ ነው። «ልጄ፥ ልጄ» እያልን ቆየን፤ በመጨረሻ በማናውቀው ቋንቋ የምትቈጣ የሌላ ሴት ድምፅ መጣና ስልኩ ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን እርሷ ራሷ ደውላ እንደ ነገረችን፥ በዚያች ሰዓት በምድጃ ፊት ቆማ፥ የአሠሪዋን ሕፃን በአንድ እጇ ታቅፋ ነበር። ስልኩ ከወደቀ በኋላ ሕፃኑን አስረክባ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገባች፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ ውኃውን ከፍታ፥ አፏን በፎጣ ይዛ አለቀሰች። ከዚያም ፊቷን ታጥባ ወጥታ ራት አቀረበች። ይህን ስትነግረን አንዲት የወቀሳ ቃል አልጨመረችበትም፤ እንዲያውም ስለ ደወልንላት አመሰገነችን። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግነውን ስንመረምር ኖረናል።

አባቶቻችን መርዶ የሚያረዱበት ሥርዓት ነበራቸው፤ ዛሬም በብዙ ገጠር አልጠፋም። ሟቹ በአንድ አገር፥ ዘመዱ በሌላ አገር የሆነ እንደ ሆነ መልእክተኛ ይላካል፤ መልእክተኛው ግን በቀጥታ ወደ ኀዘንተኛው ቤት አይሄድም። አስቀድሞ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ደብሩ ካህን ገብቶ ነገሩን ያስታውቃል። እነርሱም በምስጢር ይመካከራሉ፤ ሰውየው ሕመምተኛ እንደ ሆነ፥ ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እንደ ሆነች፥ በቤት ማን ማን እንዳለ ይጠይቃሉ። አራስ ከሆነች እስክትጠና ድረስ መንደሩ ሁሉ ምስጢሩን በሆዱ ይዞ ይከርማል። ጊዜው የደረሰ በመሰላቸው ዕለትም ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፥ ኀዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፥ ሽማግሌዎቹና ካህኑ ብርቱ ጎልማሶችን አስከትለው ይሄዳሉ። በሩ ተንኳኩቶ ሲከፈት ገና ቃል ሳይወጣ ነገሩ ይታወቃል፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ በደጅ ሲቆም ለሌላ ጉዳይ እንዳልመጣ የማያውቅ የለምና። እንግዲህ መርዶው ከጆሮ አስቀድሞ በዓይን ይገባል ማለት ነው። ጩኸቱም በሰው እቅፍ ውስጥ ይሆናል፤ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል የሚይዘው አለ፥ ውኃ የሚያቀርብ አለ፥ ልጆቹን ወደ ጎረቤት የሚወስድ አለ፥ ከብቱን የሚያሰማራለትም አለ። በቋንቋችን «ማርዳት» እና «መርዳት» የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው አንድ ነው ለማለት ሳይሆን፥ በሥርዓቱ ግን አንዱ ያለ ሌላው አልተደረገም ነበር ለማለት ነው።

የእጅ ስልክ ከዚህ ሁሉ የሚያደርሰው አንዱን ብቻ፥ ድምፅን ነው። የሚደውለው ሰው የሚሰማው ሰው በደረጃ ላይ ይሁን በመኪና መሪ ላይ፥ ሕፃን ይዞ ይሁን እሳት ፊት ቆሞ አያይም። ቢያይም እንኳ የሚዘረጋው እጅ የለውም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ስንመለከት የመርዶ ነገር በብዙ ቦታ ተጽፎ እናገኛለን። በሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፥ ካህኑ ዔሊ የ98 ዓመት ሽማግሌ፥ ዓይኑ የፈዘዘ ሆኖ በመንገድ አጠገብ በወንበር ተቀምጦ ነበር። ከሰልፍ የሸሸው ሰው የእስራኤልን መሸነፍ፥ የአፍኒንና የፊንሐስን ሞት፥ የታቦተ ጽዮንን መማረክ በአንድ ትንፋሽ አከታትሎ ነገረው። ሽማግሌው የታቦቷን ስም በሰማ ጊዜ ወደ ኋላው ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ምራቱም በዚያው ወሬ ምጥ ይዟት ወልዳ ሞተች። መልእክተኛው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የዔሊን ወንበር የሚደግፍ አንድ ሰው በአጠገቡ እንዳለ አልተመለከተም።

የአኪማአስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። አቤሴሎም በሞተ ጊዜ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ወደ ንጉሡ ልሩጥ ብሎ ኢዮአብን ለመነ። ኢዮአብም የንጉሡ ልጅ ሞቷልና ዛሬ ወሬ ነጋሪ አትሆንም ብሎ ከለከለው፤ ኩሲ የተባለውንም ሰው ላከ። አኪማአስ ግን ደግሞ ለምኖ ሮጠና ኩሲን ቀደመው። ከዳዊት ፊት በደረሰ ጊዜ ግን፥ ያን ያህል የሮጠው ሰው፥ የልጁን ነገር ሲጠየቅ ትልቅ ሽብር አየሁ እንጂ ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም ብሎ ዘወር አለ። ሐሰትን ለማመስገን ይህን አናነሣም፤ ይሁን እንጂ ሲሮጥ የተሰማው ደስታ የአባቱን ፊት ባየ ጊዜ እንደ ጠፋበት እንገምታለን። በስልክ የሚናገር ሰው ይህ ፊት አይታየውም። ስለዚህ ማንም ሰው ዛሬ አኪማአስን ሳይሆን ኩሲን ለመሆን ይቀለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን ግን የጌታችን ሥራ ነው። በቅፍርናሆም የመቶ አለቃው ብላቴና በታመመ ጊዜ ጌታ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ከሩቅ በቃሉ ፈወሰው። ለእርሱ ቃልን ከሩቅ መላክ የማይቻል ነገር አልነበረም። አልዓዛር በሞተ ጊዜ ግን እንዲህ አላደረገም። መጀመሪያ ለደቀ መዛሙርቱ የሞቱን ነገር ሲገልጥላቸው እንቅልፍ በሚል ቃል አለዝቦ ጀመረ፤ ባላስተዋሉ ጊዜ በግልጥ ነገራቸው፤ በዚህም መርዶ በደረጃ እንዲነገር አስተማረን። ቀጥሎም በእግሩ ወደ ቢታንያ ወጣ፤ የማርያምን እንባ ባየ ጊዜም እርሱ ራሱ አለቀሰ። ሊያስነሣው የመጣውን ሰው ስለ ምን አለቀሰለት ብለው ሊቃውንት ብዙ ተርጕመዋል፤ ለተነሣንበት ጉዳይ ግን ይህ ይበቃናል፤ ለፈውስ ቃሉን ላከ፤ ለልቅሶ ግን ራሱ ሄደ።

ይህን ስንል ስልክን የሰይጣን ሥራ ማለታችን አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ካህናት አካል የሌለውን ድምፅ ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ተቃወሙ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረክብናል፤ እኛም ሲነገር አብረን መሳቅ ለምደናል። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው ድርጅት ሆኖ አገልግሎቱን ከፈተ፤ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ስልክ አለመኖሩም ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት የስልክ መሥመር ተቋርጦ፥ አብዛኛው ሕዝብ ሁለት ዓመት ያህል ከዘመዱ ድምፅ ተለይቶ ኖረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መሥመሩ በየከተማው ሲከፈት፥ የናትና የአባታቸውን ሞት በመጀመሪያው ደወል የሰሙ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ተዝካሩ ያለፈ፥ ሙት ዓመቱም የተቃረበ መርዶ ነበር። እነዚያን ሰዎች ስልክ ባይኖር ይሻላችሁ ነበር የሚላቸው የለም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ስልኩ ይደወል፤ ነገር ግን ለኀዘንተኛው ሳይሆን አስቀድሞ ለሚያረዳው ሰው ይደወል። ጥንት መልእክተኛው ወደ ጎረቤት ቤት የሚገባበትን መንገድ ስልኩ ይተካ። በአሜሪካም፥ በአውሮፓም፥ በኢየሩሳሌምም፥ በአንዳንድ የዓረብ አገሮችም ካህናቶቻችን አሉ፤ ማኅበርተኞችና የአገር ልጆችም አሉ። ለእነርሱ ደውሎ፥ ኀዘንተኛው የሚኖርበትን ቤት አመልክቶ፥ ሁለትና ሦስት ሆነው በማለዳ እንዲሄዱለት መለመን ከአንድ ቀን የበለጠ አያዘገይም። እኛ ከዚያች ልጅ ወዲህ የንስሐ ልጆቻችን ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ በዚያ የሚያውቁትን የአንድ ሰው ስልክ ቍጥር በመዝገባችን እናስጽፋለን። ሲጽፉ የሚገባቸው አሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም ጠይቀውን አያውቁም።

ይህ ሁሉ ከንቱ የሚሆንበት ሌላ ጥፋት ግን አለ፤ ስለ እርሱ በቍጣ እንናገራለን። ሰው ባረፈ በሰዓቱ ፎቶግራፉን ከሻማ ሥዕል ጋር አድርገው በፌስቡክና በቴሌግራም የሚያወጡ ሰዎች ተነሥተዋል። የሟቹ ልጅ በሥራ ቦታው ወይም በአውቶቡስ ተቀምጦ፥ ሽማግሌዎቹ ገና እየተመካከሩ ሳለ፥ የአባቱን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚሉ መቶ ሰዎች ጋር ያገኘዋል። ይህን የሚያደርጉት ብዙዎቹ በክፋት አይደለም፤ ቀድሞ ያዘነ መባል የሚወዱ ናቸው። ካህናት በፍትሐት ጊዜ፥ የዕድር ዳኞችም በመጀመሪያው ስብሰባ «ልጆቹ ሳይረዱ ማንም አያውጣ» ብለው ቢያስታውቁ ብዙ ሰው ይታዘዛል።

የሚያረዳ ሦስተኛ ሰው ፈጽሞ የማይገኝበት ጊዜም አለ። በሰው ቤት ተቀጥረው ከደጅ የማይወጡ እኅቶቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ያን ጊዜ የግድ በስልክ ይነገራል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የት እንዳለች፥ በእጇ ምን እንደ ያዘች፥ ሥራዋን መቼ እንደምትጨርስ ይጠየቅ፤ ዕረፍት የምታገኝበት ቀን ካለም እስከዚያ ይቆይ። ተቀምጣ እንድትሰማ ይነገራት። ሞትን ወዲያው ከመናገር ይልቅ ከሕመሙ ተጀምሮ ይነገራት፤ ስትጠይቅ ግን አይዋሻት። ከሁሉ ይልቅ ካህናት ወንድሞቻችንን የምንለምነው ስብከት እንዳያበዙ ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በመሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። በስልክም ዝም ብሎ አብሮ መቆየት ይቻላል። ሕዝባችን ካርድ እየተቈረጠ ዝም ማለትን እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰውም የቀኑን ሥራ ትቶ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ ደውሎ መተውም አይገባም፤ በሦስተኛው፥ በሰባተኛው ቀን እንደገና ይደወል። እኛ በሦስተኛው ቀን አልደወልንም ነበር፤ የደወለችው እርሷ ናት።

የእናቷ አርባ በደረሰ ጊዜ ያች ልጅ አንድ ነገር ለመነችን፤ በጸሎተ ፍትሐቱ ሰዓት ስልኩን ከፍተን እንድናሰማት ነው። አብረውን ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ ስልክ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት የለበትም ብለው ተቃወሙ፤ ሥርዓትን ስለ መጠበቅ ተናግረዋልና አልተከራከርናቸውም። አንድ ዲያቆን ስልኩን ይዞ በውጭ በመስኮቱ ሥር እንዲቆም አደረግን። ዝናም ያካፋ ነበርና በነጠላው ጠርዝ ሸፍኖ ይዞታል። ጸሎቱ ተፈጽሞ ስንወጣ መሥመሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ሰምተሽ ነበርን ብለን ብንጠይቃት፥ ንባቡ እየራቀ እንዳስቸገራት፥ የእናቷ የክርስትና ስም ሲጠራ ግን ሦስት ጊዜ መስማቷን ነገረችን። ማን አጠገብሽ አለ ብለን ጠየቅናት። በላይኛው ቤት የምትሠራ አንዲት የጎንደር ልጅ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ አብራት ተቀምጣለች አለችን።