ወለተ ጴጥሮስን እንዴት እናስተምር?



ጥቁር ሴቶች ለዓለምና ለቤተ ክርስቲያን ያበረከቱት ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስታውሳት የዳርፉሯን ቅድስት ጆሴፊን ባኪታን ነው። በልጅነቷ ተሰርቃ ለባርነት የተሸጠችው ባኪታ በ1889 በቬኒስ ፍርድ ቤት ነጻነቷ ተረጋግጦላት ኋላም መነኰሰች፤ በ2000 ቅድስናዋ ታወጀ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በገዛ አገራችን ግን ስሟን ለመጥራት የምናመነታባት ታላቅ ሴት አለች፤ እርሷም ወለተ ጴጥሮስ ናት። የምናመነታውም ጽናቷ የተፈተነው በእኛው ወገን ስለ ነበረ ነው።

ታሪኳ

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች። ከዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቆች አንዱ የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አግብታ ሦስት ልጆች ብትወልድም፣ ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በኋላም ትዳሯን ትታ መነኰሰች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ ቆይተውም ሕዝቡ እንዲከተላቸው ባዘዙ ጊዜ እምቢ አለች። በንጉሡ ሸንጎ ፊት አቆሟት፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምኗት ቢሞክሩም አልተበገረችም። በመጨረሻ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች።

ግዞቱ ግን ሥራዋን አልገታውም። ተከታዮች ወደዚያው መጥተውላት የመጀመሪያውን ማኅበር መሠረተች፤ ከዚያም በጣና ዙሪያ የተተከሉትን ጨምሮ ሰባት ማኅበራትን አቋቁማ መራች። በ1632 አዋጁ ተሽሮ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ ተመለሰ። እርሷ በ1642 ስታርፍ የምንኵስና ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ አመራሩን ተረከበች። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 ገድሏን በግእዝ ጻፈ፤ ይህም ስለ አፍሪካዊት ሴት ከተጻፉት ቀደምት የሕይወት ታሪኮች አንዱ ነው።

የምንማረው

አንደኛ፣ እምነት በአዋጅ አይተከልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፣ ማንም ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን መገደድ እንደሌለበት አስተምሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በመጋቢት 2000 የቤተ ክርስቲያን ልጆች በእውነት ስም ስለ ፈጸሙት የኃይል ሥራ በይፋ ይቅርታ ለምነዋል። እንግዲህ ወለተ ጴጥሮስን ስናከብር ጉባኤው ያስተማረንን እንፈጽማለን።

ሁለተኛ፣ ልጆቿን የቀበረች፣ የተጋዘች ሴት ብዙዎችን አሰባስባ መርታለች። በቁምስናችን እናቶች ጸሎቱንም አገልግሎቱንም ተሸክመው ሳለ ምክራቸውን የምንጠይቀው ምን ያህል ጊዜ ነው?

ሦስተኛ፣ በሲኤምሲና በአካባቢው ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በአንድ ዕድር፣ አንዳንዴም በጋብቻ በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን። አንድ ልጅ በትምህርት ሰዓት «ያቺ ሴት ጠላታችን ነበረች?» ብሎ ቢጠይቀን አንሸሽ። «የበደሏት ከእኛ ወገን ነበሩ፤ እኛ ግን ጽናቷን እናከብራለን» ብለን በግልጽ እንመልስለት። እውነቱን ከእኛ የሰማ ልጅ ከጎረቤቱ ሲሰማው አይደናገጥም።

ለውይይት

1. በቤታችን ወይም በሥራ ቦታችን ሰውን ከኅሊናው ውጭ የምናስገድድበት ጊዜ አለን?
2. በቁምስናችን ስማቸው ሳይነሣ የሚያገለግሉ ሴቶች እነማን ናቸው? በምንስ እናግዛቸው?
3. ይህን ታሪክ ከኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ጋር ብንጫወተው ምን እንማርበታለን?