ሳንጠራቸው የሚነሱ ፕሮግራሞች

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው፤ ቀጥሎ «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ ተሸክሞት ይሄዳል። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር በእርግጥ ይፈጥናል። ብዙ ጊዜ የሚፈጥነው ግን ቫይረስ ስለለቀቀው ሳይሆን፣ ዊንዶውስ ሲከፈት ተከትለው የሚነሱት ፕሮግራሞች አብረው ስለጠፉ ነው። ዙሙ፣ ቴሌግራሙና የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ተመልሰው ሲጫኑ መንቀራፈፉም ይመለሳል። ፋይል ሳይጠፋ፣ ለማንም ሳይከፈል፣ እነዚህን ፕሮግራሞች ብቻ ለይቶ ማስቆም ይቻላል። ቀጥሎ ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ተጠቃሚዎች ነው።

ማን እንደተነሳ ማየት

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። አሁን እየሠራ ያለው ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ከአናቱ ደግሞ ሲፒዩ፣ ሚሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ በመቶኛ ይነበባሉ። አንዱን ርዕስ ስትነኩት ብዙ የሚወስደው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል።

ዓይናችሁን ዲስክ ላይ አሳርፉ። ሀርድ ዲስክ ያለው የቆየ ላፕቶፕ እንደተከፈተ ሲፒዩው 15 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ሊቀር ይችላል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ የተነካው ግን አይከፈትም፤ «ስታክ አደረገ» የምንለው ይኸው ነው። ሀርድ ዲስክ ውስጥ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ከቦታ ቦታ የሚዘል የማንበቢያ ጫፍ አለ። አሥር ፕሮግራም በአንድ ጊዜ «ፋይሌን አምጣ» ሲለው የበለጠውን ጊዜ የሚፈጀው በማንበብ ሳይሆን በመዝለል ነው። ኤስኤስዲ የሚዘል ነገር ስለሌለው ይህ ጣጣ ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቀመው ባለ ሀርድ ዲስኩ ነው።

የስም ብዛት አያስደንግጥ

«ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ደጋግሞ ያየ ሰው «ተወርሬያለሁ» ይላል። አልተወረረም። ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ የዊንዶውስ ሰርቪሶች ለየብቻቸው ተለያይተው ይሠራሉ፤ ብዛቱ ከዚያ የመጣ ነው። ሚሞሪ 60 በመቶ መያዙም በሽታ አይደለም፤ ባዶ የተቀመጠ ራም ለማንም አይጠቅምም። ከ90 በመቶ አልፎ ዲስኩም አብሮ ሲጨናነቅ ግን ችግር አለ።

የማታውቁትን አትዝጉ። «ክላየንት ሰርቨር ረንታይም ፕሮሰስ» የሚባለው በግድ ከተዘጋ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ኮምፒውተሩ ይወድቃል። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» የዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ ነው፤ ፍተሻ ላይ ሲሆን ሲፒዩ ይበላል፣ ሲጨርስ ይተዋል። አንድ ስም ካጠራጠራችሁ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉና ከየት እንደሚነሳ እዩ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ነኝ እያለ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ካለ ያኔ መጠርጠር ተገቢ ነው።

እንዳይነሳ ማድረግ

«ኢንድ ታስክ» የዛሬን ብቻ ይዘጋል፤ ነገ ጠዋት ፕሮግራሙ ቦታው ላይ ነው። ዋናው ሥራ «ስታርታፕ አፕስ» በሚለው ገጽ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ስታርታፕ» ብቻ ይላል። ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ዲሴብል»። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስትፈልጉት አይከኑን ነክታችሁ እንደ ወትሮው ትከፍቱታላችሁ። ከተጸጸታችሁም «ኢኔብል» እዚያው አለ።

የትኛውን? ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ እኔ ሳልነካው መሥራት ያለበት ማን ነው? ብዙ አይደሉም። ጸረ ቫይረሱ፣ የድምጽና የታችፓድ ሶፍትዌሮች፣ ደግሞም የአማርኛ መጻፊያው። ኪይማን ወይም ፓወር ግዕዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ተዉት። በጽዳቱ ግለት አብሮ ዲሴብል የተደረገ እንደሆነ በማግስቱ «ሰላም» ብላችሁ ስትጽፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ይደረደራል፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ተብሎ ሌላ ጥገና ፍለጋ ይኬዳል።

ዙም፣ ስፖቲፋይ፣ ስቲም፣ እንዲሁም የየፕሮግራሙ አሻሻዮች ያለ ማመንታት ሊቆሙ ይችላሉ። ቴሌግራም እንደ ሥራችሁ ነው፤ መልእክት ሲመጣ ወዲያው ማየት ያለበት ሰው ይተወው። ዋንድራይቭን ግን አስባችሁ ንኩት፤ ፎቶና ሰነዳችሁን የሚያስቀምጠው እሱ ከሆነ ስታቆሙት መጠባበቂያ ቅጂውም ድምጽ ሳያሰማ ይቆማል። ቶረንትን ስለማልወደው አዳልቼ ልናገር፦ ፊልሙ ወርዶ ካለቀ በኋላም ለሌሎች መላኩን ይቀጥላል፣ ይህም ከከፈላችሁበት የኢንተርኔት ፓኬጅ ላይ ይቀነሳል። ከሁሉ በፊት እሱን አስቁሙ።

ከጎን «ስታርታፕ ኢምፓክት» የሚል ዓምድ አለ። «ሃይ» የሚለው ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከ1 ሰከንድ በላይ የሲፒዩ ጊዜ ወይም ከ3 ሜጋባይት በላይ የዲስክ ሥራ የወሰደውን ነው። የሚለካው መነሻውን ብቻ ስለሆነ «ሎው» የተባለው ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ሲጠባ ሊውል ይችላል።

ብራውዘሮች

ክሮምን በኤክስ ምልክቷ ዘጋችሁት ማለት ወጣ ማለት ላይሆን ይችላል። በሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱና ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራት የሚፈቅድለትን ማብሪያ አጥፉ። ኤጅም ተመሳሳይ ማብሪያ አለው፤ በተጨማሪም «ስታርታፕ ቡስት» የሚባል አለው፣ ሳትከፍቱት ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ የሚያደርግ። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ከሆነ ሁለቱንም አጥፏቸው።

ለውጡን መፈተን

ሁለት ሦስት ፕሮግራም ብቻ ዲሴብል አድርጉና «ሪስታርት» በሉ። «ሹት ዳውን» አይበቃም፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ባለው ፋስት ስታርታፕ ምክንያት ሹት ዳውን የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ይመልሰዋል። «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ ሲፒዩ ስር «አፕታይም» የሚለውን እዩ፤ በየማታው የሚጠፋ ኮምፒውተር ቀናት ቆጥሮ ታገኙታላችሁ። እውነተኛ አዲስ ጅምር የሚሰጠው ሪስታርት ነው። አንድ ነገር ከተጓደለ በኋለኞቹ ሁለት ሦስቱ መካከል ስለሆነ ፍለጋው አይከብድም።

«ኮምፒውተርዎን በአንድ ክሊክ እናፈጥናለን» የሚሉትን ማጽጃዎች አታውርዱ። ከእነሱም ብዙዎቹ ተጭነው እንዳለቁ ስታርታፕ ዝርዝሩ ውስጥ ራሳቸውን ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዲስኩ አሁንም 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ አይደለም፤ ለፎርማት ሊወጣ የነበረውን ብር ኤስኤስዲ መግዣ ላይ ጨምሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑ ባለ 2.5 ኢንቹን ሳታ ይሁን ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ዓይነት የሚቀበል አረጋግጡ።