ያሰረ አይፈርድም

ደረስጌ ማርያም ቅጥር ግቢ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሃምሳ አለቃ ዕድሜያቸውን በፖሊስነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ የጃናሞራ ሰው ናቸው። ወጣቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቃ ለፖሊስ ምልመላ ተመዝግባለች።

ወጣቷ፦ ሃምሳ አለቃ፣ ፖሊስ ልሆን ነው ስላት እናቴ «ሰው ልታስሪ?» ብላ አዘነች። የፖሊስ ሥራ ማሰር ነው እንዴ?

ሃምሳ አለቃ፦ ማሰሩም አለበት፤ አልዋሽሽም። ግን ሕጉን አገላብጠሽ ብታዪው ስለ ማሰር ከሚናገረው ይልቅ ከታሰረ በኋላ ስለሚደረገው የሚናገረው ይበዛል። ለምን እንደተያዘ ንገሪው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው ንገሪው፣ መዝግቢ፣ ዳኛ ፊት አቅርቢ ይልሻል። ፖሊስ ሰው የሚይዘው ለዳኛ ነው። ያሰረ አይፈርድም፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚወለድ ነው።

ወጣቷ፦ ድሮም እንዲህ ነበር?

ሃምሳ አለቃ፦ የት! ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሊነግሡባት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሳ እዚሁ ደረስጌ ላይ ድል ነሷቸውና፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉባት። ውቤ ታሰሩ። ይግባኝ የሚሉበት ሌላ ዳኛ አልነበረም፤ የሚያስረውም፣ የሚፈርደውም፣ የሚምረውም አንድ ንጉሥ ነው። ቴዎድሮስ ሽፍታውን ከመንገድ አጥፍተው ገበሬውን ወደ እርሻው፣ ነጋዴውን ወደ ንግዱ ለመመለስ የደከሙ ሰው ናቸው። ሥልጣን ሁሉ ባንድ እጅ ሲሆን ግን ያ እጅ የተቆጣ ቀን ሃይ የሚለው የለም።

ወጣቷ፦ ተራው ሰውስ በሬው ቢሰረቅ ለማን ያመለክት ነበር?

ሃምሳ አለቃ፦ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየና የሰማ እየማለ እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም። ሌባ ይገኝበት ነበር። ነገር ግን አንድ ሌባ ለማውጣት አገር ሙሉ ይታገታል፤ አዝመራው ሲጠብቀው የሰለቸ ሰው ደግሞ ያላየውንም አየሁ ሊል ይችላል፤ ቂም ያለውም ጠላቱን ይጠቁምበታል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መጣ፤ ዛሬም የመርማሪ እጅ የማይለየው እሱ ነው። በ1987 ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰውን መብት የበላይ ሕግ አደረገው።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ምሳሌ ልስጥዎ። ገበያ ላይ አንዱ በግ ሲሰርቅ ታየና ሰው እሪ ብሎ ያዘው።

ሃምሳ አለቃ፦ እጅ ከፍንጅ ነው። እንዲህ ሲሆን ገበያተኛውም ቢሆን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊይዘው ይችላል። ሮጦ ቢያመልጥና ሰው እየጮኸ ቢከተለውም ያው ነው። የያዘው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ደብድበው ካመጡልሽ ሁለት መዝገብ ትከፍቻለሽ፤ አንዱን በስርቆት፣ አንዱን በድብደባ።

ወጣቷ፦ ማንም ሳያየው የጠፋ በግ ቢሆንስ? ባለቤቱ «እገሌን እጠረጥራለሁ» ቢለኝ?

ሃምሳ አለቃ፦ መጀመሪያ ቃሉን ትቀበያለሽ። በቃል ቢነግርሽም በጽሑፍ ታሰፍሪና ቀን ጽፈሽ ታስፈርሚዋለሽ። ነገሩ ቢያጠራጥርሽ እንኳ «ሂድ፣ ይህ አይታመንም» ብለሽ መመለስ አትችይም፤ ሕጉ ጥርጣሬ ቢኖርሽም መርምሪ ይላል። ብዙ ሰው ፖሊስን የሚያማው ስላሰረ ብቻ አይደለም፤ አቤቱታውን ሳይሰማ ስለመለሰውም ነው። ከዚያ ተጠርጣሪውን በመጥሪያ ትጠሪያለሽ። ካልመጣ የመያዣ ትዕዛዝ ከፍርድ ቤት ታወጫለሽ። ወንጀሉ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያሳስር ከሆነና በቂ ጥርጣሬ ካለሽ ያለ ትዕዛዝም ልትይዢ ትችያለሽ። ጥርጣሬው ታዲያ የሚጻፍ ይሁን፤ ማን አየ፣ ምን አየ፣ መቼ አየ። «ዓይኑ አላማረኝም» ተብሎ መዝገብ አይከፈትም።

ወጣቷ፦ ከያዝኩት በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ አይደል? በዚህ በተራራው አገር እንዴት ይሆናል?

ሃምሳ አለቃ፦ እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። የ1954ቱ ሕግ 48 ሰዓት ይልና፣ ካልሆነም የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው እንደፈቀደ ብሎ በር ከፍቶ ነበር። በዚያ በር ስንቱ ሳምንት ሲያስቆጥር ኖሯል! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በሩን አጠበበው። ከ48 ሰዓቱ ላይ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ከአንድ ቆላ ቀበሌ ሰው ይዘሽ መካነ ብርሃን ወረዳ ፍርድ ቤት ለመድረስ አንድ ቀን በእግር ከተጓዝሽ ያ ቀን አይቆጠርም። መኪና ጠፋ፣ አዛዡ ስብሰባ ሄደ፣ መርማሪው ፈቃድ ላይ ነው፤ ይሄ ሁሉ ይቆጠራል። ዓርብ ማታ የያዝሽው ሰው እሑድ ማታ ይሞላዋል፤ ሕገ መንግሥቱ ቅዳሜና እሑድን አልቀነሰልሽም። ስለዚህ የተያዘበትን ሰዓት፣ የተነሣችሁበትን ሰዓት፣ የደረሳችሁበትን ሰዓት ለየብቻ ጻፊ። ዳኛው «ለምን ዘገየሽ?» ሲል የሚመልስልሽ ያ ጽሑፍ ነው።

ወጣቷ፦ ሰዓቱ ቢያልፍ ምን ይመጣል?

ሃምሳ አለቃ፦ የታሰረው ሰው፣ ወይም ስለ እሱ ሌላ ሰው፣ አካሉን ነጻ ለማውጣት ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ዳኛው «ሰውየውን ይዘሽ ቅረቢ፣ በምን ሕግ እንደያዝሽውም አስረጂ» ይልሻል። በዚያ አያበቃም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው የያዘን ወይም ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ደንብ ልብስ አያድንም።

ወጣቷ፦ ምርመራው በሁለት ቀን ካላለቀስ?

ሃምሳ አለቃ፦ ጊዜ ቀጠሮ ትጠይቂያለሽ። ዳኛው ባንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን የ1954ቱ ሕግ አልቆረጠም፤ ብዙ ሰው የተጎዳውም በዚሁ ነው። ችሎት ስትቀርቢ ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራሽ፣ ምንስ ቀረሽ የሚለውን ካልመለስሽ «ምስክር ይቀረናል» እያሉ ሰው ማመላለስ ነው። ደግሞ ሁሉም ጉዳይ እስር አይፈልግም። ጽኑ እስራት በማያስቀጣ ቀላል ወንጀል ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል።

ወጣቷ፦ ቃሉን ስቀበል አልናገርም ቢለኝስ?

ሃምሳ አለቃ፦ መብቱ ነው። አንቺም ቀድመሽ ልትነግሪው ይገባል፤ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም፣ የምትናገረው ግን በማስረጃነት ሊቀርብብህ ይችላል ብለሽ፣ በሚገባው ቋንቋ። ልጆች ይህን በአሜሪካ ፊልም ያዩትና የእነሱ ፈጠራ ይመስላቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚራንዳ መዝገብ ያን የወሰነው በእነሱ አቆጣጠር በ1966፣ በእኛ በ1958 ነው። የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ከዚያ ከአራት ዓመት በላይ ቀድሞ ጽፎት ነበር። መጻፉ ላይ አልታማንም።

ወጣቷ፦ መፈጸሙ ላይ ነው የምንታማው?

ሃምሳ አለቃ፦ አዎ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 31 መርማሪ እንዳያስፈራራ፣ እንዳያባብል፣ ተስፋ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም፤ የመታሽው ሰው እውነተኛው ሌባ ቢሆን እንኳ በዱላሽ ምክንያት ነጻ ሊወጣ ይችላል። በግ የጠፋበት ሰው ሁለተኛ ተሰረቀ ማለት ነው። አንቺ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ትጠየቂያለሽ።

ወጣቷ፦ በጉ እቤቱ ታስሯል የሚል ጥቆማ ማታ ቢደርሰኝስ? እስኪነጋ አርዶ ቢበላውስ?

ሃምሳ አለቃ፦ ብርበራ በደንቡ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፤ ትዕዛዙም የሚፈለገውን ዕቃ ይዘረዝራል፣ አንቺም ከዚያ ውጭ አታነሺም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው የሚበረበረው። ያለ ትዕዛዝ የምትገቢው እየተባረረ ያለ ተጠርጣሪ ቤት ውስጥ ሲገባብሽ ነው። ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የሚያሳስር ወንጀል ማስረጃ እዚያ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶሽ፣ ትዕዛዝ እስክታወጪ ይጠፋል ብለሽ በበቂ ምክንያት ስታምኚ ነው። የያዝሽውን ዕቃ አንድ በአንድ ትመዘግቢና ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ታደርጊያለሽ። ሴት ከተፈተሸች የምትፈትሻት ሴት ናት፤ አንቺን የመሰሉ ልጆች የሚፈለጉትም ለዚህ ጭምር ነው።

ወጣቷ፦ የሰረቀው የ12 ዓመት እረኛ ቢሆንስ?

ሃምሳ አለቃ፦ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ልጅ የወንጀል ሕጉ አይነካውም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውን ግን ወዲያውኑ በቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ትወስጂዋለሽ፤ እንዴት እንደሚመረመር የሚያዝሽ ዳኛው ነው። ከትልልቆቹ ጋር አንድ ክፍል መዝጋት የለም።

ወጣቷ፦ እዚህ አገር ጠመንጃ ያልያዘ የለም። አልያዝም ብሎ ቢታኮስብኝስ?

ሃምሳ አለቃ፦ ሕጉ እንደ ሁኔታው ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቀሚ ይላል። እየሸሸ ስላለ ብቻ አትተኩሽበትም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ሃቫና ላይ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መርሕም መሣሪያ የሚነሣው የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ አፍጥጦ ሲመጣ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው ይላል።

ወጣቷ፦ አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። አዛዤ በስልክ «እገሌን አስገቢው፣ መዝገቡ በኋላ ይደርሳል» ቢለኝ ምን አደርጋለሁ?

ሃምሳ አለቃ፦ ይሄ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 74 ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ራሱ ይጠየቃል ይላል። ስለዚህ በአክብሮት ጠይቂ፦ «ጌታዬ፣ በምን ወንጀል ልመዝግበው?» በይ። መልስ ካለው ትጽፊያለሽ፤ መልስ ከሌለው የምታስገቢበት ምክንያት የለሽም። እንዲህ ያለች ፖሊስ ላትወደድ ትችላለች፤ ሹመትም ሊያልፋት ይችላል። ይህን ከአሁኑ እወቂው።

ወጣቷ፦ በሐምሌ 2015 በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜ ይሄ ሁሉ ሕግ የት ነበር?

ሃምሳ አለቃ፦ አስቸኳይ ጊዜ ብዙ መብት ያግዳል፤ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መያዝም ሊፈቀድበት ይችላል። ሁሉም ግን አይታገድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ሊነኩ የማይችሉ ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ አንቀጽ 18 ነው፤ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው። በዚያው አንቀጽ የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ተጽፏል። የታሰረ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ መኖር አለበት። በክፉ ቀን ሰው ደብዛው የሚጠፋው መዝገብ ሲጠፋ ነውና፣ የአንቺ እስክሪብቶ በሰላሙ ቀን ከሚጠቅመው ይልቅ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ሁሉን አድርጌ፣ ሌባውን ይዤ፣ በሰዓቱ አቅርቤ፣ ዳኛው በዋስ ቢለቀው? ባለበጉ መጥቶ «ስንት ተቀብላችሁ ለቀቃችሁት?» ቢለኝ?

ሃምሳ አለቃ፦ ይልሻል። አትቆጪው። አስቀምጠሽ አስረጂው፤ ዋስ ማለት ነጻ መውጣት አይደለም፣ ፍርድ እስኪሰጥ ሰውየው እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ የሚቀርብበት ቀን ይሄ ነው፣ ምስክሮችህ እነዚህ ናቸው በይው። ዛቻ ደርሶበት እንደሆነ ጠይቂና መዝግቢ፤ በዋስ የወጣው ሰው ምስክር የሚያባብል ከሆነ ለዳኛው አሳውቂ፣ ዋስትናው ሊነሣ ይችላልና። ይህን የምልሽ ለትሕትና ብቻ አይደለም። በእኛ አገር አንድ በግ ነፍስ ያስጠፋል፤ አንዷ ነፍስ ሌላ ነፍስ ትጠራለች። ሽማግሌ ገብቶ ደም ቢያደርቅ እሰየው፤ የነፍስ ግድያ መዝገብ ግን በእርቅ አይዘጋም። ያ ባለበግ ቀጠሮውን አምኖ ከጠበቀ ጠመንጃውን አያወርድም። ካላመነ ግን ራሱ አሳሪ፣ ራሱ ፈራጅ ይሆናል። አንቺ በሕግ መያዝሽን፣ በሰዓቱ ማስረከብሽን ካየ የሚያምንበት ምክንያት አለው፤ ስለዚህ መዝገቡን ከልክለሽ አትደብቂው፣ የቀጠሮውን ቀን በጽሑፍ ስጪው።