«እሺ» ያለ ሁሉ ገብቶታል?

በዛሬው ትምህርታችን በልዩ ልዩ ባህልና ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ስለሚታየው የጤና ልዩነት እንማማራለን። ርዕሱ ከበድ ያለ ይመስላል አይደል? እኔ ግን ጉዳዩ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሠራሁት ስህተት ነው።

ያደግኩት ጋምቤላ ከተማ ነው። አባቴ ከደጋ የመጣ መምህር ነበር። እኔ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ባሮ ወንዝ ዳር ስጫወት የአኝዋን ቋንቋ አቀላጥፌ ለመድሁ። በ1998 ዓ.ም. አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ለምርመራ ስትሄድ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። እሷ አማርኛ አትችልም፤ ነርሷም የእሷን ቋንቋ አታውቅም።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አስተርጉሚልን» አለችኝ ሲስተር። «ለኤች አይ ቪ ደሟን እንድንመረምር ትፈቅድ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ቫይረሱ ቢገኝባት ልጇን የሚከላከል መድኃኒት እንዳለም ንገሪያት።»

እኔ አፈርኩ። እናቴ ለምትሆን ሴት ይህን በምን አፌ ልናገር? «ደም ሊወስዱ ነው፣ እሺ በያቸው» ብቻ አልኳት። «እሺ» አለች።

ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር ረጋ ብላ ቫይረሱ በደሟ እንደተገኘ፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ በሳምንቱ መመለስ እንዳለባት አስረዳች። እኔ አንደበቴ ተሳሰረ። «ደምሽ ላይ ትንሽ ችግር አለ፤ በሳምንቱ ተመለሽ ብለውሻል» አልኳት። አሁንም «እሺ» አለች።

አልተመለሰችም። ለ«ትንሽ ችግር» ሥራውን ጥሎ የሚመለስ ማን አለ? ልጇንም እቤቷ ወለደች።

ከወራት በኋላ በፀረ ኤድስ ክበባችን ቫይረሱ በጡት ወተትም እንደሚተላለፍ ስማር እንቅልፍ አጣሁ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን የአኝዋ ቋንቋ የምትናገር ነርስ ተመድባ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ጎረቤታችንን አስጠርታ በር ዘግተው ብዙ አወሩ፤ እኔ ውጪ ነበርኩ። እናትየው መድኃኒት ጀመረች። ሕፃኑ ሲመረመር ነፃ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ዕድል ነው። እናት መድኃኒት ካልወሰደች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ወቅት በቫይረሱ ሊያዙ ይችላሉ። በአግባቡ ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ታሪኩን የጻፍኩት በእሷው ፈቃድ፣ ስሟን ሳልጠቅስ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ነበሩ። በአዲስ አበባ 3.4፣ በጋምቤላ ደግሞ 4.8 በመቶ። በዚያው ዘመን በተካሄደው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በአዲስ አበባ 97፣ በአፋር ግን 15 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ልብ በሉ! ቫይረሱ ብሔር አይመርጥም። «የእነ እገሌ በሽታ ነው» የሚል ሰው ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አላየም። ታዲያ ምክንያቶቹ ምንድን ናቸው?

1ኛ. ቋንቋ። ምክሩ በማይገባን ቋንቋ ከተሰጠ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

2ኛ. ርቀት። ጤና ተቋም የቀናት መንገድ ለሚርቅበት አርብቶ አደርና ሁለት ፌርማታ ለሚሄድ ከተሜ «ነገ ተመለስ» እኩል ትርጉም የለውም።

3ኛ. ባህል። በአኝዋና በኑዌር ወንዶችን መግረዝ የቆየ ልማድ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄዱ ጥናቶች ግርዛት ቫይረሱ ከሴት ወደ ወንድ የመተላለፍ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዚህም ምክንያት በጋምቤላ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የግርዛት አገልግሎት ተጀምሯል። ሆኖም ግርዛት ኮንዶምን አይተካም። የሚያሳምነውም ባህሉን የሚያንቋሽሽ ሳይሆን አክብሮ የሚያስረዳ ሰው ነው።

4ኛ. መገለልና ሐሜት። ምስጢሬ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሰው አይመረመርም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ልጅን የኤች አይ ቪ ውጤት ማስተርጎም ተገቢ አይደለም። ለበሽተኛዋም ለልጁም ከባድ ነው። «አስተርጉም» ከተባላችሁ «ይህን የሰለጠነ ሰው ይንገራት» ለማለት አትፈሩ። በጤና ተቋሙ ቋንቋዋን የሚያውቅ ባለሙያ ካለ እንዲጠራ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የክበባችሁን ድራማና ፖስተር በአካባቢያችሁ በሚነገሩ ቋንቋዎች ሁሉ አዘጋጁ። ተርጓሚዎቹ የቋንቋው ባለቤቶች ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ካስረዳችሁ በኋላ «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «እስቲ እኔ ያልኩትን በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉ። ያን ቀን ሲስተር ይህን ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ውሸቴ ወዲያው ይወጣ ነበር።

አራተኛ፣ አዲሱን እውቀት ለሌሎች አድርሱ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ ሊታይ እስከማይችል ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ መልእክት በአንድ ቋንቋ ብቻ ታጥሮ መቅረት የለበትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በክፍላችሁ ስንት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አሉ? የክበባችሁ መልእክት በስንቶቹ ይተላለፋል?

ለ. በአካባቢያችሁ ጤና ተቋም ሄዶ የማይደመጥ ማን ነው? ለምን?

ሐ. በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ያ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። ባየሁት ቁጥር ያልተናገርኳቸው ቃላት ይታወሱኛል። እናንተ እንዲህ ያለ ዕዳ አይኑርባችሁ። ቸር እንሰንብት!